የቦራ ተራ

ሐይቁን ለማየት የሚመጣ ሰው ሁሉ ከሐይቁ በፊት የሚያየው እኔን ነው። ሚኒባሱ ከታች ከከተማው ተነስቶ ጠመዝማዛውን መንገድ እያቃሰተ ይወጣና ተራራው አናት ላይ ካለው ሜዳ ያራግፋቸዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው የእኔ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ሻይ አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል አለ፣ የሚከራይ የዝናብ ልብስ አለ። «ሐይቁ የታለ?» ይሉኛል፤ ወንበሬ ሥር የደበቅኩት ይመስል። ከዚህ ወዲያ መኪና የለም፣ ወይ በእግር ወይ በፈረስ ነው እላቸዋለሁ። ግማሹ ጫማውን ያያል፣ ግማሹ ሆዱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ፈረሶቹ ይሄዳል።

ሐይቁ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። ድፍን ክብ ነው። የሚገባበት ወንዝ የለም፣ የሚወጣበትም የለም። ጠዋት አረንጓዴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል። ከወዲያኛው ዳር ውሃው ለብ ይላል፣ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል፤ እዚያ ደርሰው የተመለሱ እንግዶች የእኔን እንቁላል ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ ምን አደረግኩ! የእኔ እንቁላል የዛሬ ነው።

ጭምቱ የእህቴ ባል ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፣ ግን እዚህ ተራራ ላይ የሚያውቀው የለም። ዝም ስለሚል ጭምቱ አሉት፣ በዚያው ቀረ። እንግዳ ፈረሱ ላይ አስቀምጦ፣ ልጓሙን ይዞ፣ አፋፉን ተከትሎ እስከ ሐይቁ ወርዶ ሲመለስ ከአፉ የምትወጣው አንዲት ቃል ናት። ዛፎቹ ተከፍተው ሐይቁ የሚታይበት ቦታ አለ፤ መስኮት ነው የምንለው። እዚያ ሲደርስ «ይኸው» ይላል። በቃ። ሌሎቹ ባለፈረሶች ሐይቁ ወለል የለውም፣ ንጉሥ ከነዘውዱ ሰምጦበታል እያሉ ሲቀባጥሩ እሱ «ይኸው»። የሚገርመው እንግዶች እሱን ይወዱታል። አንዷ ሴትዮ «ምን ዓይነት ጥልቅ ሰው ነው!» ብላኛለች። «ኧረ ጥልቅ አይደለም፣ ወሬ ስለማይችል ነው» አልኳት።

ለሁለት የምታወራው እህቴ ነበረች። ፈረሱንም ያሳደገችው እሷ ናት። እናቱ ስትወልደው ሞታበት፣ እህቴ በጡጦ ወተት እያጠባች፣ ከጓዳቸው ጥግ ከረጢት አንጥፋለት አሳደገችው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አለችው። ሲያድግ በሩ ጠበበው፤ ጭምቱ በሩን አፍርሶ አሰፋለት እንጂ ፈረሱን አላስወጣም። እህቴ ታማ ስትሞት ለጭምቱ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቦራ እና የቦራ ተራ።

ተራውን ላስረዳ፤ ይሄ ካልገባችሁ የቀረው አይገባችሁም። ባለፈረሶቹ ማኅበር አላቸው። ድሮ ተራው የሰው ነበር። ታዲያ ኪሱ የሞላ ሁሉ የችግረኛውን ተራ እየገዛ ማኅበሩን ሊውጠው ሲል፣ ተሰበሰቡና ተራው የፈረሱ ይሁን ተባለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፈረስ ቁጥር ያለው ናስ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ፈረሱ ከሞተ ወይም ከተሰናበተ ተራው ለባለቤቱ አይቀርም፤ ውጭ ቆሞ ዓመት ከዓመት ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላ ፈረስ ገዝቼ ልተካ ማለት የለም። ጥሩ ሕግ ነው ብለን ሁላችንም አጨብጭበንለታል። ፈረስ እንደሚያረጅ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ቦራ ጠዋት ጠዋት ወደ ተራው ሲሄድ በእኔ ዳስ በኩል ነው የሚያልፈው። እኔም ከሻይ ስኳሬ ቆንጠር አድርጌ በመዳፌ አስልሰዋለሁ። ስስታም ነሽ የሚሉኝ ይሄን አላዩም። አንድ ቀን መዳፌን ዘረጋሁለት፣ አልመጣም። አፍንጫው ክንዴን ይፈልጋል፣ ሽርጤን ይፈልጋል፣ ጠረጴዛውን ይፈልጋል። እጄን ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ዓይኑ አልተከተለኝም። ቀረብ ብዬ አየሁት። ዓይኑ እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው፣ የሚያምር ነው። የሚያየው ነገር ግን የለም።

«አንተ» አልኩት ጭምቱን፤ «ይሄ ፈረስ አያይም።»

ልጓሙን ያስተካክላል።

«እያናገርኩህ ነው እኮ! ቦራ ታውሯል!»

«ቀስ በይ እትዬ» አለኝ ዙሪያውን እየቃኘ። «መንገዱን ያውቀዋል።»

«መንገዱን ያውቀዋል? ገደል አፋፍ ላይ ሰው ጭነህ መንገዱን ያውቀዋል? አብደሃል እንዴ?»

«ነይና እዪ» አለኝ።

ዳሱን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ እንዲያ ግን አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ ዛፎቹ መሐል በጠባቡ ይገባል፤ ሥር የተጋደመበት ቦታ ላይ ቦራ እግሩን ከፍ አድርጎ ተሻገረ። ጥቁሩ ድንጋይ መንገዱን የሚያጠብበት ጋ ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ አለፈ። ላዩ ላይ የተቀመጡት ወፍራም ሰውዬ ያንጎራጉራሉ። መስኮት ስንደርስ ቦራ ጭምቱ ሳይነካው ቆመ፣ ዞረ፣ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጠ፤ እንግዳው ከነሐይቁ ፎቶ እንዲነሳ ማለት ነው። እዚያ ጋ ዛፉ ያልቃል፣ ትንሽ እልፍ ሲሉ መሬቱም ያልቃል። «ይኸው» አለ ጭምቱ። ሰውዬው «አቤት አቤት!» እያሉ ስልካቸውን አወጡ። እኔ ሐይቁን አላየሁም። ያ ፈረስ ዕድሜ ልኩን ለሰው ያሳየውን ነገር እሱ ዳግመኛ እንደማያየው ሳስብ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ በጠመዝማዛው ጀልባዎች ወደሚቆሙበት ወረደ፤ አንዴም ሳይደናቀፍ ሰውዬውን ከውሃው ዳር አደረሳቸው።

በኋላ ስሰማ ለካ ባለፈረሶቹ ሁሉ ያውቃሉ! የመጨረሻ የሰማሁት እኔ፣ በወሬ የምታማው እኔ! ለካ ሁልጊዜ ቃጭል ያላት ባዝራ ከፊቱ እንድትሆን ተራቸውን ያመቻቹለታል። ለካ ከላይ ድንጋይ ተንዶ መንገዱ ላይ ካደረ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ቦራ ከመድረሱ በፊት ያነሳዋል። ማንም ተሰብስቦ እንዲህ እናድርግ አላለም። ዛሬ እሱ ላይ የደረሰው ነገ የማን ቤት እንደሚያንኳኳ ሁሉም ያውቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት በጋ አለፈ። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ፣ መንገዱ ስለሚያዳልጥ እንደ ወትሮው ተዘጋ፤ እንግዳም ቀረ። በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ሰብሳቢ መጥቶ መርዶውን ነገረን። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ተራራ ላይ፣ ፈረስ ሰው ይዞ ወድቋል። ስለዚህ መንገዱ ከመከፈቱ በፊት የእንስሳት ሐኪም መጥቶ እያንዳንዱን ፈረስ ይመረምራል፤ እግር፣ ጥርስ፣ ዓይን። ዓይን ሲል ሁሉም ሰው የእኔን የሻይ ብርጭቆ መመርመር ጀመረ። ጭምቱ ተነስቶ ወጣ።

ሰብሳቢው እንደሄደ ዳሴ ውስጥ ተሰበሰብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከባለፈረሶቹ ትልቁ ጋሽ ባርኔጣ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያየ ሰው የለም፣ ሚስታቸውም አላየችም ይባላል። እሳቸው ድሮ የዓይን ምርመራ አይተዋል።

«ሐኪሙ ምን ያደርጋል መሰላችሁ» አሉ። «እጁን ዓይኑ ፊት ያወናጭፋል። ፈረሱ ከደነገጠ ያያል፣ ካልደነገጠ አያይም። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«ታዲያ ቦራ በምን ይደነግጣል?» አልኳቸው።

«እናስተምረዋለና! ጆሮ አለው አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭምቱ ጭንቅላቱ አጠገብ ይቆምና ምላሱን ላንቃው ላይ አጣብቆ «ቀጭ» ያደርጋል። ቦራ ያን ሲሰማ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ስኳሩን ይልሳል። እኛ ጋ ፈረስ የሚነዳው በፉጨት ነው፣ «ቀጭ» የሚል የለም፤ ስለዚህ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታበትም አልን። አስበንበት ነው እኮ! አንድ ዳስ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ስንት ማንቆርቆሪያ ሻይ ጠጥቶ አስቦበት ነው!

ክረምቱን ሙሉ አስተማሩት። ስኳሩ የእኔ ነው፤ አላማርርም። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከዳሴ ፊት ለፊት ያመጡታል፤ ጋሽ ባርኔጣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ጭምቱ «ቀጭ» ይላል፣ ቦራ ቀና ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ይላል ጭምቱ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያ ቦራ ግራ ይገባው ነበር፤ በኋላ ግን ገና «ቀጭ» ከማለቱ ቀና ይልና አንገቱን ዘርግቶ ስኳሩን ይጠብቃል። እኔ እንኳ፣ እንዲያ የሚያፌዘው አፌ፣ ተስፋ አደረግኩ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ጫማው በጭቃ ተበላሽቶበት ሲነጫነጭ ነው የደረሰው። ቦራ ጋ ሲመጣ ጭምቱ ከፈረሱ ጭንቅላት አጠገብ ቆመ። ሐኪሙ እግሩን አየ። ጥርሱን አየ። «ሸምገል ብሏል» አለ። ከዚያ እጁን በዓይኑ ፊት አወናጨፈ። ቀጭ! ቦራ ራሱን ቀና አደረገ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በሌላኛው ዓይኑ ፊት አወናጨፈ። ቀጭ! ወደ ኋላ።

«ይሄ ደግሞ ከሁሉም የነቃ ነው» አለ ሐኪሙ። «ዓይኑ ምንም አልሆነም።»

እልል ልል ነበር፣ ጋሽ ባርኔጣ አፌን ያዙኝ። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ጭምቱ ሳቀ። ጥርሱ ሲታይ ለካ አንዱ የለም፣ መቼ እንደወለቀ እንኳ አላውቅም። ያን ቀን ለሁሉም ሻይ በነፃ ቀዳሁ፤ ደግሞ አይለምደኝም ብያቸዋለሁ።

ክረምቱ አለፈ፣ መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች መጡ። ቦራ ናሱ ተወልውሎ፣ ቃጭል ካላት ባዝራ ኋላ ተራው ላይ ቆመ፤ ደረሰው፤ አንዲት ወጣት ጭኖ ሄደ። እኔ እንቁላል እየቀቀልኩ ነበር። ከሄዱበት ሲመለሱ ልጅቷ በእግሯ ናት፣ ፊቷ ተለዋውጧል። ጭምቱን ደግሞ ላብ አጥምቆታል።

«ምን ሆናችሁ?»

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ምላሱን ላንቃው ላይ አጣብቆ «ቀጭ» አለ። ቦራ ራሱን ቀና አድርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጭምቱ በጣቱ ወደ ሜዳው አሳየኝ። ሜዳው ላይ እንግዶች ዳሱን፣ ፈረሶቹን፣ እርስ በርሳቸው፣ ሰማዩን ሳይቀር ፎቶ ያነሳሉ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ወይ ጉዳችን! ያን ድምፅ ስንት ዓመት ሰማነው። ከጠዋት እስከ ማታ ጆሯችን ሥር ነው ያለው። ቦራም ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል፣ ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር። እኛም ለምደነው አይሰማንም፤ ክረምት ደግሞ እንግዳ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ጸጥታ ነው። ያን ሁሉ ሰው ይዘን፣ ካሜራ የሚባል ነገር ማንም ትዝ አላለውም! ያውም ሰው ፎቶ ሊነሳ በሚመጣበት ሐይቅ! ከማን ጋር ልጣላ? ከራሴ ጋር ተጣላሁ፣ ጋሽ ባርኔጣን ሰደብኳቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝ።

ያላሰብነው መላ የለም። መጀመሪያ «ቀጭ» እያልን ስኳሩን ከለከልነው፣ እንዲረሳው። እንዴት ይርሳው? ስኳሩን ቢያጣ ጊዜ ያጠፋ መስሎት ይባስ ብሎ ሁለቴ ወደ ኋላ ይላል። ቀጥሎ ጆሮውን በጥጥ ደፈንነው። ያኔ ያየሁትን ለጠላቴም አይስጠው። ያ እያንዳንዱን ድንጋይ የሚያውቅ ፈረስ ከሜዳው ሳይወጣ ተደናቀፈ፤ ቆሞ ቀረ፤ ጎኑ ሁሉ ይርገበገብ ጀመር። ለካ በጆሮው ነበር የሚያየው። ጭምቱ ጥጡን አወጣለትና አንገቱን አቅፎት ቆየ።

የቀረው እንግዶቹን መለመን ነው። «ይኸው» ብቻ የሚለው ሰው አፍ አወጣ። «እባክዎ፣ የስልክዎን ድምፅ ያጥፉልኝ።» «ለምን?» ሲሉት «ፈረሱ ድምፅ አይወድም» ማለት ለመደ። አንዳንዱ ያጠፋለታል። አንዳንዱ እንዴት እንደሚጠፋ አያውቅም። የእሱ እንግዳ ቢያጠፋ መስኮት ላይ የቆመው ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ ቦራን ከአፋፉ አርቆ ዛፍ ሥር ያቆመው ጀመር፤ እንግዳው ደግሞ «እዚህ ጋ ሐይቁ አይታይም፣ ምን ሊረባኝ መጣሁ?» ይላል። ማታ ማታ ሰብሳቢው ጋ ክስ ይደርሳል፤ አስፈሪ ባለፈረስ አለ፣ ፎቶ ይከለክላል እያሉ። ጭምቱን አስፈሪ! ዝንብ ይቅርታ ጠይቆ የሚያባርር ሰው!

የፈራነው ደረሰ። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ቦራ ላይ አስቀምጣ ከመስኮት ደረሰች። ጭምቱ ስልኩን አጥፊልኝ ብሎ ለምኗት፣ እሺ ብላዋለች። ዛፍ ሥር ሲያቆመው ግን እሷ «ኧረ ወደዚያ፣ ሐይቁ እንዲታይ» ትለዋለች፤ እምቢ ሲል ልጓሙን ራሷ ይዛ ሳበችው። ቦራ መቼም ከሳበው ሁሉ ጋር ይሄዳል። እንደለመደው ዞሮ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጠ። ሴትዮዋ ልጓሙን ለቃ ስልኳን አነሳች። አጥፍቻለሁ ያለችው አልጠፋም ነበር። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቦራ የተማረውን አደረገ። በእያንዳንዱ «ቀጭ» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ራሱ ቀና እንዳለ።

ያዩት ጋሽ ባርኔጣ ናቸው የነገሩኝ። ጭምቱ ተወርውሮ ልጅቷን ከላዩ ነጠቃት፤ በሌላው እጁ ልጓሙን ያዘ። የቦራ የኋላ እግር ከአፋፉ አልፎ ነበር። ጠጠሩ ወደ ሐይቁ ሲንከባለል ይሰማል። ጭምቱ ልጓሙን አልለቀቀም። መዳፉ ተላጠ፣ ሥጋው ወጣ፣ አልለቀቀም። ቦራ በጉልበቱ ተንፏቆ ወጣ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ እንደ ጨዋታ ቆጥራው «እንደገና» አለች ይባላል። እናቲቱ ግን ስትጮህ ድምጿ እስከ ዳሴ ድረስ መጣ።

«ዐመለኛ ፈረስ! ልጄን ሊገድልብኝ!»

በማግስቱ ሰብሳቢው ባለፈረሶቹን ሜዳው ላይ ሰበሰበ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደለም። ጭምቱን «እስኪ ምን እንደሆነ ንገረኝ» አለው። ጭምቱ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አሁን «ፈረሴ ዕውር ነው» ቢል ምን ይመጣል? ሐኪሙን ማን አታለለው ይባላል፤ አታላዮቹ እነዚህ የቆሙት ሁሉ ናቸው፤ የሁሉም ናስ ከየፈረሱ አንገት ይወልቃል። እኔ ይሄን አላሰብኩም፤ አንጀቴ አርሮ «ኧረ ተናገር!» ልል ዘው ብዬ ገባሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ተይው እትዬ» አለኝ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ «ዐመል አውጥቷል» አለ።

በጡጦ ያደገውን፣ ሕፃን ጆሮውን ቢጎትተው የማይነቃነቀውን ፈረስ፣ ዐመል አውጥቷል አለው። ጋሽ ባርኔጣ እጃቸውን አንስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸጉራቸው ሙልጭ ብሎ አልቋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

ናሱን ጭምቱ ራሱ ፈታው። ተራው፣ ሲጠብቅ ለኖረ አንድ ጎልማሳ ተሰጠ። ሰውዬው ደግ ነው፣ ጭምቱ ጋ መጥቶ «ይቅርታ» አለው፤ ምን አጥፍቶ እንደሆነ አላውቅም።

ቦራን ቤት እንዳያስቀምጠው፣ ፈረስ ቀለብ ይፈልጋል። ጋሪ ለሚነዱ እንዳይሸጠው፣ ወሬው ከተማ ወርዷል፤ ያ ዐመለኛው ነው ይላሉ፣ ማን ይነካዋል? ጭምቱ የእንግዳ ሻንጣ እየተሸከመ፣ ለእኔ ውሃ እየቀዳ ትንሽ ቆየ። እኔም ከያዝኩት አካፈልኩት፤ ግን የእኔም ዳስ ዳስ ነው እንጂ ባንክ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ጠዋት ነበር። ቦራ አጥሩን ገፍቶ ይወጣና፣ ማንም ሳይመራው ሽቅብ መጥቶ፣ ቃጭል ያላት ባዝራ ኋላ ተራው ላይ ይቆማል። አዲሱ ፈረስ ይገፋዋል። እሱ ቦታዬ ነው ብሎ ይቆማል። ጭምቱ ይመጣና፣ ማንንም ሳያይ፣ ጆሮውን ይዞ ይመልሰዋል። በነጋታው ያው ነው። ባለፈረሶቹም እሱ ቆሞ እንዳያዩት፣ ጭምቱ እስኪመልሰው ማርፈድ ጀመሩ።

ጭነት መኪና አለ፤ ሥራ ያቆሙ ከብቶችን እየዞረ የሚሰበስብ። የት እንደሚወስዳቸው ሁላችንም እናውቃለን፣ ጠይቀን አናውቅም፤ አንድም የተመለሰ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ በሚጠቁርበት ሰዓት፣ መጥቶ ከዳሴ አጠገብ ቆመ። ጭምቱ ቦራን ይዞ መጣ። ጸጉሩን አበጥሮለታል፣ ሰኮናውን ጠርጎለታል። አላለቀስኩም። ማንቆርቆሪያዬን ነው የማጥበው የነበረው፤ ታጥቦ የነበረውን።

ሳንቃውን አጋደሙለት። ቦራ እግሩን አንስቶ ሞከረው፣ የማያውቀው መንገድ ሆነበት፤ ቆመ። ሾፌሩ ፈረስ የለመደ ሰው ነው። ከሩቅ አገር ስለመጣ አነዳዱ ሌላ ነው። ልጓሙን ተቀበለና ምላሱን ላንቃው ላይ አጣበቀ።

«ቀጭ!»

ቦራ ራሱን ቀና አደረገ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እንደዚያ ሲቆም ግርማው ያስፈራ ነበር፤ ዓይኑ ጥርት ብሎ ሾፌሩ ላይ ተተክሏል። ሾፌሩ ደነገጠ። እጁን በፊቱ አወናጨፈና እንደገና «ቀጭ» አለ። ቦራ ደግሞ ወደ ኋላ አለ።

«ኧረ ይሄ ፈረስ ዓይኑ ደህና ነው!» አለ ሾፌሩ ወደ ጭምቱ ዞሮ። «እንዲህ የነቃ ፈረስ እንዴት ለእኔ ትሰጣለህ? ምን ነካህ ወንድሜ?»

«አዎ» አለ ጭምቱ። «ያያል።»

ቦራ ግን የተባለውን አድርጎ ጨርሷል። አንገቱን ዘርግቶ ስኳሩን ይጠብቃል። ጭምቱ በደህናው እጁ ኪሱን ፈተሸ፣ ሌላውን ኪስ ፈተሸ፤ ባዶ ነው። ወደ ዳሴ ሮጥኩ። ክዳኑ እምቢ አለኝ፣ ጣሳው ከእጄ ወደቀ፣ ከመሬት በእፍኜ አፍሼ ስወጣ ቦራ ተጭኖ ሳንቃው ተነስቷል፤ መኪናው ሜዳውን ዞሮ ቁልቁል ይዟል። ጭምቱ ባዶውን ልጓም ይዞ ቆሟል። መዳፌን ከፍቼ አሳየሁት። ስኳሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ይኸው» አለኝ።